ከመሸታ ቤት የወጣ ማኅበር

ኖኅ ወይን ተክሎ ከሰከረበት ዘመን ጀምሮ ስካርን የሚዘልፍ መምህር፥ ሰካራምን የሚቀጣ ዳኛ፥ በባሏ መጠጥ ቤቷ የፈረሰባት ሚስት በየትም አገር ታጥተው አያውቁም፤ ነገር ግን በመጠጥ የወደቀውን ሰው ለማንሣት ራሱ ወድቆ የተነሣው ሰው ከሁሉ የሚሻል ረዳት መሆኑ ተመርምሮ፥ ይህም ዕውቀት ሥርዓትና ማኅበር ይዞ የቆመው በቅርብ ዘመን ነው። ልማዱ ሥር የሰደደው በሰሜን አሜሪካ ሲሆን፥ ተጀምሮ ከጠፋ በኋላ እንደ ገና የተነሣ ስለ ሆነ፥ የተነሣበት ምክንያት ብቻ ሳይሆን የጠፋበትም ምክንያት ሊመረመር ይገባዋል። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።

የአሜሪካ ሪፑብሊክ በተመሠረተ በመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ዓመታት ከምሥራቁ ተራሮች በስተ ምዕራብ የሰፈረው ገበሬ በቆሎውን ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ለማውረድ የመንገዱ ርቀትና የጭነቱ ዋጋ ስላላስቻለው፥ እህሉን ጠምቆና አንጥሮ ውስኪ እያደረገ ይሸጠው ነበርና፥ መጠጥ እጅግ ረክሶ በየቤቱ፥ በየእርሻው፥ በየመርከቡ፥ በምርጫ ቀንና በለቅሶ ሳይቀር ይቀርብ ነበር። የታሪክ ሊቃውንት እንደሚገምቱት በ1830 ገደማ አንድ አዋቂ አሜሪካዊ በዓመት 26 ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ይጠጣ ነበር፤ ይህም ዛሬ በዚያው አገር ከሚጠጣው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። የነጻነቱን መግለጫ በ1776 ከፈረሙት አንዱ የነበረው የፊላዴልፊያው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ፥ ስካር የጠባይ ብልሹነት ብቻ ሳይሆን ደዌ መሆኑን ጽፎ ከማስተማሩም በላይ፥ ሰካራሞች የሚታከሙበት ልዩ ቤት እንዲሠራ እስከ ማሳሰብ ደርሶ ነበር፤ ምክሩን በሥራ ላይ ያዋለ ግን በዘመኑ አልተገኘም።

ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የበረታው ድምፅ የተሰማው በጦርነት ከተሸነፈ ሕዝብ መካከል ነው። በኒው ዮርክና በፔንሲልቬኒያ ደኖች የሚኖሩት የሰነካ ነገድ ሰዎች አብዛኛውን ርስታቸውን ካጡ በኋላ፥ ነጋዴዎች ለአውሬ ቆዳ ልዋጭ ውስኪ እያቀረቡላቸው፥ የቀረውን ክብራቸውን በመጠጥ ያጡ ጀመር። በ1799 ጸደይ ቆዳቸውን ፒትስበርግ ሸጠው ሲመለሱ ያመጡት ውስኪ በአሌጌኒ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የአለቃቸውን የኮርንፕላንተርን መንደር በጩኸትና በድብድብ ሞልቶት ነበር። በዚያው መንደር የአለቃው የእናቱ ልጅ ሃንድሰም ሌክ፥ መጠጥ ጐድቶት ለዓመታት አልጋ ይዞ ይማቅቅ ነበርና፥ በጁን ወር እንደ በድን ሆኖ ከወደቀ በኋላ ነቅቶ፥ ከፈጣሪ የተላኩ መልእክተኞች ተገልጠውልኛል፥ ከክፉ ነገሮች ሁሉ አስቀድሞ ውስኪን ተዉ ብለውኛል ሲል ለሕዝቡ ተናገረ። ከዚያ በኋላ መንደር ለመንደር እየዞረ ሲያስተምር፥ የሚሰሙት ሁሉ በጉባኤ ፊት በደላቸውን እንዲናዘዙና ባልና ሚስት ተፋቅረው እንዲኖሩ ያዝዝ ነበር። በ1802 እስከ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ መጠጥ ለሕዝቡ መሸጡ እንዲገታ ለፕሬዚዳንት ጀፈርሰን አመለከተ፤ ጀፈርሰንም በዚያው ዓመት ሥራውን የሚያመሰግን ደብዳቤ ጻፈለት። ሃንድሰም ሌክ በ1815 ቢሞትም ትምህርቱ በቃል ተጠብቆ፥ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ረጅም ቤት ዛሬም ለቀናት ይነበነባል። ይህን ሰው ከሁሉ በፊት ማንሣቴ፥ ሕዝቡን የገሠጸው ከሕዝቡ በላይ ቆሞ ሳይሆን ከዚያው አዘቅት ወጥቶ በመሆኑ ነው፤ በሌላ ቋንቋና በሌላ ሃይማኖት ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሁሉ ሳያውቁት የእርሱን መንገድ ተከትለዋል።

በኤፕሪል 1840 በባልቲሞር ከተማ በሊበርቲ ጎዳና በሚገኘው በቼዝ መሸታ ቤት ስድስት የመጠጥ ጓደኞች እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ይጠጡ ነበር። አንዱ ልብስ ሰፊ፥ አንዱ አናጢ፥ አንዱ ብር ሠሪ፥ የቀሩትም ብረት ቀጥቃጭና ሠረገላ ሠሪ ነበሩና፥ ሁሉም በእጃቸው ጥበብ የሚኖሩ፥ የሠሩትን ገንዘብ ግን ወደ ቤታቸው የማያደርሱ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ምሽት በከተማው ስለ መጠጥ ጉዳት የሚሰብክ ሰው መምጣቱን ሰምተው፥ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ሰምታችሁ ንገሩን ብለው ላኩ፤ የተላኩትም ተመልሰው የሰሙትን በነገሩ ጊዜ ክርክር ተነሣ፥ ክርክሩም ከቀናት በኋላ በቃል ኪዳን ተፈጸመ። ልብስ ሰፊው ዊልያም ሚቸል ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ፤ ማኅበሩንም በመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው በጆርጅ ዋሽንግተን ስም ጠሩት። አስቀድሞ የነበሩት ከመጠጥ የመታቀብ ማኅበራት፥ ለምሳሌ በ1826 በቦስተን የተመሠረተው፥ ዓላማቸው ያልሰከረው እንዳይሰክር መጠበቅ ነበርና የሰከረውን ተስፋ የሌለው አድርገው ይቈጥሩት ነበር፤ እነዚህ ስድስቱ ግን እያንዳንዱ ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ የመጠጥ ጓደኛውን ይዞ እንዲመጣ ወሰኑ። መጀመሪያ የተሰበሰቡት በዚያው በሚጠጡበት ቤት ሲሆን፥ ደንበኞቹን ሲወስዱባት የባለቤቱ ሚስት ስላጉረመረመች ወደ ሌላ ቤት ተዛወሩ።

በስብሰባቸው ስብከት አልነበረም። አንዱ ይነሣና እንዴት እንደ ጠጣ፥ ምን እንዳጣ፥ እንዴት እንደ ተወ ይናገራል፤ ቀጥሎ ሌላው ይነሣል። ከተከታዮቻቸው የታወቀው ባርኔጣ ሠሪው ጆን ሆኪንስ፥ ትንሽ ልጁ ሐና ዛሬ ውስኪ ግዢ ብለህ አትላከኝ ብላ በለመነችው ቀን ወደ ማኅበሩ መግባቱን በየከተማው እየዞረ ሲናገር፥ በጕባኤው ውስጥ ዕንባውን የሚገታ ሰው ይጠፋ ነበር ይባላል። በጥቂት ዓመታት ቃል ኪዳኑን የፈረሙት እስከ መቶ ሺዎች ተቈጠሩ፤ ሴቶችም በ1841 በኒው ዮርክ በፕሬዚዳንቱ ሚስት በማርታ ዋሽንግተን ስም የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው የወደቁ ሴቶችን ልብስና ምግብ እየሰጡ ያነሡ ጀመር። በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1842 በኢሊኖይ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ ገና ጠበቃ የነበረው አብርሃም ሊንከን በቤተ ክርስቲያን ቆሞ ስለ እነዚህ ሰዎች ባደረገው ንግግር፥ ከሰካራሙ በላይ ነን የሚሉት ሰባኪዎች ያልተሳካላቸው በዘለፋቸው ምክንያት መሆኑንና በስካር ያልተያዙትም ያመለጡት በበጎነታቸው ብልጫ ሳይሆን ምኞቱ ስላልነበራቸው መሆኑን አስረዳ፤ ይህም ቃል ከሰሚዎቹ አንዳንዶቹን አስቈጣ። እኔ ግን ሊንከን በኋላ በታላቅ ሥልጣን ከተናገራቸው ቃላት ይህ በትሕትና የሚያንስ ሆኖ አላገኘሁትም።

በዚያው ዘመን በአየርላንድ በኮርክ ከተማ አባ ቴዎባልድ ማቲው ከ1838 ጀምሮ ሕዝቡን በሺህ በሺህ እያስማሉ ከመጠጥ ያርቁ ነበር። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስም በ1845 ወደ አየርላንድ በሄደ ጊዜ ከእጃቸው ይህን ቃል ኪዳን ተቀበለ፤ ጌቶች በልደት በዓል ሰሞን ባሪያዎቻቸውን ሆን ብለው እያሰከሩ ነጻነት ማለት ስካር እንዲመስላቸው ያደርጉ እንደ ነበር በዚያው ዓመት ባወጣው መጽሐፍ ገልጿልና፥ ለእርሱ መጠጥን መተው ከባርነት መውጣት አንዱ ክፍል ነበር።

የዋሽንግተኖቹ ማኅበር ግን ዐሥር ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ማኅበሩ የጸና ሥርዓት አልነበረውም፥ ተናጋሪዎቹ ዝናና ገንዘብ ሲያገኙ አንዳንዶቹ እንደ ገና ወደቁ፥ ያልሰከሩት የመታቀብ ወዳጆች ደግሞ ብዙ ሆነው ገብተው የመጠጥን ንግድ በሕግ ማስከልከል የሚለውን የፖለቲካ ክርክር በጉባኤው ውስጥ አነሡ። መሸታ ቤቱን በሕግ ለመዝጋት የሚሟገት ሰው በውስጡ የተቀመጠውን ወንድሙን ለመጥራት ጊዜ አጣ። ማኅበሩ ገና ሳይፈርስ በ1842 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የመታቀብ ልጆች የተባለው ማኅበር መዋጮ እያስከፈለ የታመመውን የሚጦር፥ የሞተውን የሚቀብር ሆኖ ስለ ተደራጀ ዕድሜው ረዘመ፤ ይህን የሚያነብ የአገራችን ሰው የእድርን ሥራ ወዲያው ያውቀዋል። ነገር ግን የእድር ደንብ ለማኅበሩ ጽናት ሲሰጠው፥ የወደቀውን ፈልጎ ማምጣት እየቀረ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ሕክምናውም ሕጉም የሰካራሙን ጓደኛ ረስተውት ነበር። በ1864 በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ለሰካራሞች የተከፈተው ትልቅ ሕሙማን ቤት ዐሥራ አምስት ዓመት ሠርቶ ተዘጋ። በ1879 በኢሊኖይ በድዋይት መንደር ዶክተር ሌስሊ ኪሊ ወርቅ አለበት የተባለ መድኃኒት በቀን አራት ጊዜ በመርፌ እየወጋ አድናለሁ ብሎ ሀብታም ሆነ፤ ከእርሱ ዘንድ የተፈወሱ ብዙዎች መሆናቸው አይካድም፥ ነገር ግን እንደኔ አሳብ የፈወሳቸው መርፌው ሳይሆን አራት ሳምንት አብረው እየኖሩ ስለ ደዌያቸው መነጋገራቸውና በኋላም በራሳቸው ማኅበር እየተሰበሰቡ መጽናናታቸው ነው። በ1914 የወጣው የሐሪሰን ሕግ ደግሞ በሞርፊንና በኮኬን የተያዙትን ከሐኪም እጅ ወደ ዳኛ እጅ አሳለፋቸው፤ ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የመጠጥ ክልከላም በሽተኞቹን ሳያድን ተሻረ።

የተረሳው መንገድ እንደ ገና የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ የአክሲዮን ደላላ የነበረው ቢል ዊልሰን በመጠጥ ምክንያት ሥራውንም ክብሩንም አጥቶ ሳለ፥ በኖቬምበር 1934 ኢቢ ታቸር የተባለ የቀድሞ የመጠጥ ጓደኛው ወደ ቤቱ መጥቶ፥ የቀረበለትን መጠጥ ገፍቶ፥ የኦክስፎርድ ቡድን በተባለው የክርስቲያኖች ማኅበር ጉባኤ ኃጢአቱን ተናዝዞና የበደላቸውን ክሶ መጠጥ መተዉን ነገረው። ዊልሰን በዲሴምበር ወደ ታውንስ ሐኪም ቤት ሲገባ፥ ሐኪሙ ዊልያም ሲልክወርዝ ስካር የሥጋ አለርጂና የኅሊና ግዳጅ የተደረበበት በሽታ መሆኑን አስረዳው፤ በዚያም አንድ ሌሊት በጸሎት ጩኸት መካከል ታላቅ ብርሃን እንደ ተገለጠለት ተናገረ፥ ከዚያም በኋላ አልጠጣም። ወዲያው ሰካራም እየፈለገ ይሰብክ ጀመር፤ ለወራት ግን አንድ ሰው እንኳ ከስካሩ አልተመለሰለትም። ሲልክወርዝም ብርሃን ስላየህበት ሌሊት መስበክህን ትተህ ስለ በሽታው ንገራቸው ብሎ መከረው።

በሜይ 1935 ለአንድ የኩባንያ ክርክር ወደ ኦሃዮ ግዛት ወደ አክሮን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ከከሸፈበት በኋላ፥ ዊልሰን በሜይፍላወር ሆቴል አዳራሽ ብቻውን ቀረ። በኪሱ የነበረው ዐሥር ዶላር ያህል ነበር፤ በአዳራሹ በአንዱ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅ ይሰማል፥ በሌላው ወገን የከተማው አብያተ ክርስቲያናት ዝርዝር ተሰቅሏል። ሌላውን ሲረዳ ራሱ ሳይጠጣ መቆየቱ ትዝ ሲለው፥ እርሱ ራሱ እንዳይወድቅ አሁን አንድ ሌላ ሰካራም እንደሚያስፈልገው አወቀ። ለዋልተር ተንክስ ለተባለ ካህን ደወለ፤ ካህኑ ስሞች ሰጠው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየደወለ በመጨረሻ ሄንሪታ ሳይበርሊንግ የተባለች ሴት አገኘ። ይህች ሴት ሮበርት ስሚዝ ለተባለ ለከተማው ቀዶ ሐኪም ከመጠጥ እንዲወጣ ስትጸልይ የቆየች ነበረችና፥ የማያውቀውን እንግዳ በቤቷ ተቀብላ ሐኪሙን ከሚስቱ ጋር ጠራችው።

ዶክተር ስሚዝ በሜይ 12 ቀን በእናቶች በዓል ሲመጣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ እቆያለሁ ብሎ ነበር፤ የቆየው ግን ከአመሻሽ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አጠገብ ነው። ስለ ስካር ሐኪም የሚያውቀውን ሁሉ ያውቅ ነበር፥ መጻሕፍት አንብቧል፥ ጸሎትም ሞክሯል፤ ከዚህ በፊት ያላገኘው ስለ ስካር ከራሱ ሕይወት የሚናገርና የሚረዳውም ስለ ራሱ ጤና ብሎ የሆነ ሰው ነበር። ዊልሰን በሐኪሙ ቤት ተቀምጦ ሰነበተ፤ ስሚዝ አንድ ጊዜ ተመልሶ ወድቆ፥ በጁን 10 ቀን የመጨረሻውን መጠጥ ጠጣ፥ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የተነሣው አልኮሊክስ አኖኒመስ የተባለው ማኅበርም ልደቱን በዚሁ ቀን ያከብራል። በዚያው ወር ሁለቱ ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ሄደው ቢል ዶትሰን የተባለ ጠበቃ በአልጋው ላይ አነጋገሩት፤ እርሱም በተነሣ ጊዜ ሦስት ሆኑ። የሦስቱ ሚስቶች በዚህ ታሪክ የተነገረላቸው ጥቂት ነው፤ የስሚዝ ሚስት አን ግን ከየሐኪም ቤቱ የወጡትን ስካራቸው ያልበረደላቸውን ሰዎች በቤቷ አስተኝታና መግባ ባታስታምም ኖሮ፥ ማኅበሩ የመጀመሪያውን ክረምት ያልፍ ነበር ለማለት እቸገራለሁ።

ከሁሉ በላይ የማከብራቸው ግን በአየርላንድ የተወለዱት መነኵሲት እኅት ኢግናሲያ ናቸው። እኅት ኢግናሲያ የሙዚቃ መምህርት ሆነው ሲያገለግሉ በድካም ጤናቸው ስለ ተናጋ፥ በአክሮን በቅዱስ ቶማስ ሐኪም ቤት የሕሙማን መቀበያ ሥራ ተሰጣቸው። በዚያን ጊዜ አብዛኞቹ ሐኪም ቤቶች ሰካራምን አይቀበሉም ነበር፤ በኦገስት 1939 ግን ዶክተር ስሚዝ በለመናቸው ጊዜ አንዱን ታማሚ የጨጓራ ሕመምተኛ ነው ብለው መዝግበው አስገቡት፤ ብቻውን የሚሆንበት ክፍል ሲታጣም የሕሙማን አበባ ወደሚሰናዳበት ጠባብ ክፍል አልጋውን አስገፍተው አስቀመጡት። ሥርዓቱ ከዚህ ተነሥቶ እየጸና ሄደ፦ ታማሚው ጥቂት ቀናት ይቆያል፥ የሚጠይቁት የተፈወሱ የማኅበሩ ሰዎች ብቻ ናቸው፥ የሚገባውም ከእነዚሁ አንዱ የሚዋስለት ሲሆን ነው። ሲወጣ እኅት ኢግናሲያ የጌታን ልብ ምልክት ይሰጡታል፤ ነገር ግን መጠጥ ከመጠጣቱ በፊት ይህን ምልክት በእጁ መልሶ እንዲያመጣላቸው ያስምሉታል። ስሚዝ በ1950 እስኪሞት ድረስ ሁለቱ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሕመምተኛ አክመዋል፥ ስሚዝም ለዚህ ሥራ ዋጋ አልተቀበለም።

በዋሽንግተኖቹ ላይ የደረሰው እንዳይደርስ ማኅበሩ ያበጀው ሥርዓት ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ የታየበት ነው። ከባለ ጠጋው ከጆን ሮክፌለር ብዙ ገንዘብ እንዲገኝ ተስፋ ተደርጎ ሳለ፥ ሮክፌለር በ1938 የሰጠው 5,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ ገንዘብ ይህን ነገር ያበላሸዋል የሚል ፍርሃት ነበረውና። ያን ጊዜ መሪዎቹ አዘኑ፥ ኋላ ግን ከውጭ ገንዘብ አለመቀበልን ሕጋቸው አደረጉት። ዊልሰን በ1945 ስለ ዋሽንግተኖቹ አወዳደቅ ጽፎ አባላቱን አስጠነቀቀ፤ በ1950 በክሊቭላንድ በተደረገው ጉባኤ የጸደቁት ዐሥራ ሁለቱ ሥርዓቶች ማኅበሩ በፖለቲካና በሌላ ክርክር እንዳይገባ፥ አባላቱም በጋዜጣ ፊት ስማቸውን እንዳይገልጡ፥ መሪዎቹም አገልጋይ እንጂ ገዢ እንዳይሆኑ ይደነግጋሉ።

በጎው ሁሉ እንከን አልባ አልነበረም። በመጀመሪያ ሴቶችን ለመቀበል ያመነቱ ቡድኖች ነበሩ፤ ጥቁሮችም በብዙ ከተሞች በነጮቹ ስብሰባ ስለማይፈለጉ በ1945 በሴንት ሉዊስና በዋሽንግተን የራሳቸውን አቋቋሙ። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ይህ የጥቁሮች ስብሰባ ከተጀመረ ሰማንያ ዓመት ያህል ሆኖታል ማለት ነው። በ1951 የሰካራም ቤተ ሰቦች አል-አኖንን፥ በ1953 በካሊፎርኒያ በዕፅ የተያዙ ሰዎች ናርኮቲክስ አኖኒመስን መሠረቱ። ለብዙ ዘመን ሊቃውንት ይህ ሁሉ ተረት ነው እያሉ ሲጠራጠሩ ቆይተው፥ በ2020 የወጣው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት ምርመራ 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ሰዎችን አገናዝቦ፥ ፈጽሞ ከመጠጥ በመታቀብ ረገድ ወደዚህ ማኅበር የሚመራው ሕክምና ከሌሎቹ የታወቁ ሕክምናዎች የማያንስ፥ አንዳንድ ጊዜም የሚበልጥ መሆኑን ገለጸ።

በአገራችን ለዚህ የሚሆነው ዕቃ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የወር ማኅበር አለን፥ እድር አለን፥ በንስሐ አባቱ ፊት ከዛሬ ጀምሮ አልጠጣም ብሎ የሚገዘት ሰውም፥ ጠበል ገብቶ ሱባዔ የሚይዝም አልጠፋም። ችግሩ ሰውየው ከጠበል ሲመለስ ነው፤ በማኅበሩ ቀን ጠላው በጣሳ ይቀርባል፥ ያልጠጣው ሰው ምን ሆንህ ተብሎ ይጠየቃል፥ አስተናጋጁም አለመጠጣቱን እንደ ንቀት ይቈጥርበታል፤ ጫቱን የተወውም በበርጫ ቤት ከነበሩት ወዳጆቹ ተለይቶ የሚሄድበትን አያገኝም። ስለዚህ መጠጥ የተወ ማኅበርተኛ ስለ ምክንያቱ ሳይጠየቅ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ይቅረብለት፤ ለዚህ ወጪ አያስፈልግም። ሁለተኛም የማኅበሩ ሙሴ ከአባላቱ መካከል ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በፊት መጠጥ የተወውን ሰው ያውቃልና፥ በዚህ ወር አዲስ የወደቀውን ሲሰማ ሽማግሌ ከመላክ አስቀድሞ ይህን ሰው ጠርቶ፥ ወደ ወዳጅህ ቤት ሂድ፥ ምክር አትስጠው፥ የደረሰብህን ብቻ ንገረው ብሎ ይላከው።